አሥራ ሰባት ደቂቃ የቆየው ማስታወቂያ

የሰገነቱ በር ከደረጃው በኩል ተቀርቅሮ ነበር። ኢንስፔክተር ጃሙና ራይ አራት ፎቅ ወጥታ ትንፋሿን ለመሰብሰብ ቆም ስትል ከሁሉ አስቀድማ ያየችው ይህንን ነው።

«ማን ቀረቀረው?» አለች።

«እንዲሁ ሆኖ ነው ያገኘነው ማዳም» አለ ረዳቷ ካርኪ። «እርስዎ ሳይመጡ ማንም እንዳይነካው ብዬ ቆሜ ስጠብቅ ነበር።»

«ሰውዬው ከሰገነት ወድቀው ሞቱ ነው የምትለኝ?»

«አዎ ማዳም። ወይ ተንሸራተው ነው፣ ወይ ራሳቸውን ወርውረው።»

«ከዚያ ከመሬት ተነሥተው፣ ደረጃውን ወጥተው፣ በሩን ቀርቅረው ተመልሰው ተኙ?»

ካርኪ ጆሮው ቀላ። ኢንስፔክተሯ ከኪሷ የደረቀ ላፕሲ አውጥታ ምላስ የሚያኮማትረውን ፍሬ ከጉንጯ ሥር ወሸቀችው። ከባድ ነገር ሲገጥማት ልማዷ ነው፤ የሠላሳ ዓመት ባልደረቦቿ በጉንጯ እብጠት የነገሩን ክብደት ይለካሉ።

ሟቹ ከታች፣ በፓታን ከተማ ባለው አሮጌ ግቢ ድንጋይ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ተጋድመዋል። ሱበርና ማን ታምራካር ይባላሉ። ዕድሜያቸው ስድሳ ሁለት ነው። ከደም ባንክ ጡረታ ከወጡ ወዲህ «ናጂክ» የተሰኘውን ድረ ገጽ አቋቁመው ይመሩ ነበር። ናጂክ ማለት ቅርብ ማለት ነው። ደም የጠፋበት ሰው ከፍቶ የደሙን ዓይነት ሲጽፍ፣ በአቅራቢያው ያሉ ለጋሾች ስምና ስልክ ይመጣለታል። ሽማግሌውን ሁሉም ሰው «ዳይ» ይላቸዋል፤ ታላቅ ወንድም እንደ ማለት ነው።

ቀኑ ቅዳሜ፣ የዕረፍት ቀን ነበር። ጎረቤት ያሉት መዳብ ቀጥቃጮች ግን መዶሻቸውን አላሳረፉም፤ በዚያ ጩኸት መካከል ሰው ቢጮህም የሚሰማ የለም።

ኢንስፔክተሯ መቀርቀሪያውን በመሐረብ ይዛ ከፈተችና ወጣች። የሰገነቱ መከታ ግንብ ከጉልበት አይበልጥም። አንድ የአበባ ሸክላ ተሰብሮ አፈሩ ተበትኗል። ከግንቡ ራቅ ብሎ፣ ከውሃ ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ፣ የሟቹ ስልክ ተቀምጧል።

ስልኩ አይቆለፍም። ነካ ስታደርገው በራ፤ ፊደሉም እንደ ሱቅ ማስታወቂያ የገዘፈ ነበር። ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌዎች እንዲህ ነው የሚያደርጉት። መስታወቱ ላይ በደማቅ ቀይ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ድረ ገጹ ለጥገና ተዘግቷል። ደም የምትፈልጉ በዚህ ስልክ ደውሉልኝ።» ከሥሩ የስልክ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ከመስመሩ ስለተረፈ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ብቻቸውን ወደ ታች ወርደዋል።

«ካርኪ፣ ይህን እንዳለ ፎቶ አንሣው» አለች። «ምንም እንዳትነካካ።»

*

አስከሬኑን ያገኘው ሰው ግቢው ውስጥ ካለው የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጧል። ሶም ባሃዱር ታማንግ ይባላል፤ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ቆመውበታል።

«አምስት ሰዓት ላይ ና ብለውኝ ነው የመጣሁት» አለ፣ ሳትጠይቀው። «ስደርስ ወድቀው አገኘኋቸው። አሁን ገዳዩ አንተ ነህ ልትሉኝ ነው መቼም።»

«እንዲህ የሚያስብል ምን አለ?»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚህ በር ላይ ስጮህ ከርሜያለኋ። ሰፈሩን ጠይቁ።»

«ለምን ትጮህ ነበር?»

ሶም ባሃዱር መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አሸ። «ሚስቴ ፉልማያ ስትወልድ ደሟ አልቆም አለ። ኦ ኔጌቲቭ ናት። ሆስፒታሉ ውስጥ አልነበረም። ነርሷ ናጂክ ላይ ፈልግ አለችኝ። ከፈትኩት፤ ለጥገና ተዘግቷል ይላል። ትንሽ ቆይቼ ከፈትኩት፤ ተዘግቷል። ከሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይህችን ስልክ ስከፍትና ስዘጋ…» ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው። «ልጅቷ ተርፋለች። ሴት ናት።»

«ዛሬ ለምን ጠሩህ?»

«ስለ ሚስትህ ማወቅ ያለብህ ነገር አለ፣ ፊት ለፊት ነው የምነግርህ አሉኝ። መጮህ ከጀመርኩ ወዲህ በክፉ ቃል መልሰውልኝ አያውቁም።»

«ሰገነቱን ታውቀዋለህ?»

«ከታችኛው በር አልፌ አላውቅም። ምክትላቸው፣ ኪሾር የሚባለው፣ እንደ ውሻ ነው የሚያባርረኝ።»

ኢንስፔክተሯ ጫማውን፣ እጆቹን፣ ዓይኖቹን አየች። ከዚያ ለፖሊሶቹ «ውሃ ስጡት፤ ደግሞ ራቅ በሉለት፣ የሚሸሽ ሰው አይደለም» አለች።

*

ኒሊማ ዳንጎል የናጂክ ብቸኛ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ቤቷ ካለበት ከኪርቲፑር በታክሲ ደርሳ ነበር። ለቅሶዋን ደረጃው ላይ ጨርሳ፣ ሁለተኛ ፎቅ ካለው ቢሮ ስትገባ ድምፅዋ ሻክሯል።

«ጠዋት የት ነበርሽ ባሂኒ?» አለች ኢንስፔክተሯ። ታናሽ እህት ብላ መጥራቷ ልጅቷን ትንሽ አረጋጋት፤ እሷም ዲዲ፣ ታላቅ እህቴ፣ ብላ መለሰች።

«ቤት ነበርኩ ዲዲ። የለጋሾቹን መዝገብ ወደ አዲስ ኮምፒውተር ሳዛውር ነበር። እናቴና አክስቶቼ አጠገቤ ሩዝ እየወቁ ነበር።»

«ሰገነቱን ማን ይቀረቅረዋል?»

«እኛ ሁላችን። ዝንጀሮዎቹ እኮ ናቸው። አንድ ቀን ገብተው የዳይን ምሳ በሉ፣ የኪሾር ሰርን መነጽር ይዘው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የቢሮ ሰው ሳያስበው እጁ ይቀረቅራል። እንግዳ ከሆነ ግን ሁልጊዜ ከፍቶት ይወርዳል።»

ኢንስፔክተሯ ላፕሲውን ከግራ ጉንጯ ወደ ቀኙ አዛወረችው። «እስቲ ስለ ጥገናው ነገር ንገሪኝ። እኔ ከኮምፒውተር ጋር እንደ አማትና ምራት ነኝ፤ ቀለል አድርጊልኝ።»

ኒሊማ ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረች። «ይኸውና። ይህ የአስተዳዳሪዎች ገጽ ነው፤ ዳይ፣ ኪሾር ሰርና እኔ ብቻ ነን በይለፍ ቃል የምንገባበት። ይህቺ ደግሞ የጥገና ቁልፍ ናት። ሲነኳት ድረ ገጹ ለሕዝብ ይዘጋል። መልሰው ሲነኳት ይከፈታል። ድሮ እኛ መዝገቡን ስንነካካ ሰው ግማሽ ዝርዝር እያየ የተሳሳተ ስልክ ይደውል ነበር። ያንን ለማስቀረት ነው የዛሬ ሦስት ሳምንት የጨመርኳት።»

«ሲዘጋ ለእናንተስ ምን ይታያችኋል?»

«እንደ ወትሮው ክፍት ሆኖ ነው የሚታየን። በአስተዳዳሪ ስም የገባ ሰው የመዝጊያውን ጽሑፍ ጭራሽ አያየውም። አለዚያ እንዴት እንሠራለን? ባለሱቅ በሩን ቆልፎ ውስጥ ዕቃ ሲደረድር ማለት ነው። ደጅ የተለጠፈውን የሚያነብ ደጅ ያለው ሰው ነው።»

«ስለዚህ የዘጋው ሰው ሊረሳው ይችላል።»

ኒሊማ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች። «ፉልማያ የሞተች ቀን የሆነው ይህ ነው። ቁልፏ ገና አንድ ቀኗ ነበር፤ ማን እንደነካት የሚጽፍ መዝገብ አልሠራሁላትም። ዳይ ጉዞ ላይ ነበሩ። ኪሾር ሰር፣ ቁልፏ ራሷ ተበላሽታ ነው የዘጋችው፣ የኒሊማ ስህተት ነው አሉ። እኔም… አመንኩ። ሰው ገደልኩ ብዬ ነው ሦስት ሳምንት የኖርኩት።»

«ሱበርና ዳይስ አመኑ?»

«እሳቸው መጀመሪያ ማን ምን እንደነካ የሚጽፍ መዝገብ አሠሩኝ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ የዋናውን ኮምፒውተር የቆዩ ፋይሎች አውጪልኝ አሉ። እዚያ ውስጥ የዚያን ቀን ነገር ሳይኖር አይቀርም። አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ እኔ ግን አላነበብኩትም። ስሜን አገኘዋለሁ ብዬ ፈራሁ ዲዲ።»

«የዛሬውን መዝገብ አሳዪኝ።»

ስለ ጥገናው የተጻፈው ሦስት መስመር ብቻ ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአምስት፣ ኒሊማ ዘጋች። አራት ከአርባ አንድ፣ ሱበርና ማን ከቢሮው ኮምፒውተር የመዝጊያውን ጽሑፍ ቀየሩ። አራት ከሃምሳ ስምንት፣ ኒሊማ ከፈተች።

«በፊት ጽሑፉ ምን ይል ነበር?»

«‹በቅርቡ እንመለሳለን› ብቻ። ዳይ የራሳቸውን ስልክ እንደጨመሩበት አሁን ነው ያየሁት።»

«አሥራ ሰባት ደቂቃ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ለራሷ ያህል።

*

ምክትሉ ኪሾር ጊሚሬ ጃዋላኬል በሚገኘው ቤቱ ተቀበላት። አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ቃሉ የተመጠነ። በሚመጣው ሳምንት የአገሪቱ ደም ለጋሾች ማኅበር ሰብሳቢ ሆኖ ሊመረጥ እንደሆነ ካርኪ መንገድ ላይ ነግሯታል።

«እንደ አባቴ የማያቸውን ሰው ነው ያጣሁት» አለ፤ ካርኪንም በአክብሮት «ጂ» ብሎ እየጠራ ቀጠለ። «የሰማሁት ካርኪ ጂ መጥተው ነው። ስልኬ ከትናንት ጀምሮ ባትሪው አልሞላ ብሎ ጠፍቷል።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ከዚህች ወንበር አልተነሣሁም። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ ነበርኩ። በአስተዳዳሪው ገጽ እንደገባሁ ነው የዋልኩት፤ መዝገቡን ብታዩ ታገኙታላችሁ።»

«ብቻዎን?»

«ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ እናቷ ጋ ሄዳለች።»

ኢንስፔክተሯ ሻዩን ፉት አለች። «እንግዲህ ሰው ራሱን ሊያጠፋም ይችላል» አለች፣ ቀስ ብላ። «እርስዎ በቅርብ ያውቋቸዋል። ልባቸው የተረበሸ ይመስል ነበር?»

ኪሾር በረጅሙ ተነፈሰ። «ለመናገር ይከብዳል ማዳም። ያቺ ምስኪን ከሞተች ወዲህ ሰላም አልነበራቸውም። ዛሬ እንኳ ምን እንዳደረጉ አላያችሁም? በመዝጊያው ገጽ ላይ የግል ስልካቸውን በቀይ ለጥፈው! ያውም የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ተቆርጠው ወደ ታች ወርደው፣ ሰው አስተካክሎ ሊደውልበት እንኳ የማይችል። ጥንቁቅ ሰው ነበሩ እኮ። እንዲህ ያለ ነገር ጤነኛ ሰው አይሠራም።»

«አይ፣ እውነት ነው» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ሲኒውንም አስቀመጠች። «በዚህ ኮምፒውተር ነው ያዩት?»

«አዎ፣ በዚሁ።»

«ነገ ይዘውት ቢሮ ይምጡልኝ። ሰዓቱን ለማመሳከር ያህል ነው።»

መኪና ውስጥ ሲገቡ ካርኪ «ጨዋ ሰው ነው» አለ።

«በጣም ጨዋ» አለች። «ሲናገር ግን ከሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዝማል።»

*

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሁሉም በሁለተኛው ፎቅ ቢሮ ተሰበሰቡ። ኒሊማ ከኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። ኪሾር የራሱን ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሶም ባሃዱር ከግድግዳው ተጠግቶ ቆመ፤ ተቀመጥ ቢሉት እምቢ አለ። ካርኪ በሩን ያዘ።

«ብዙ አላቆያችሁም» አለች ኢንስፔክተሯ። «መጀመሪያ በሩ። ሱበርና ዳይ ሲወድቁ ሌላ ሰው ሰገነቱ ላይ ነበረ። ያ ሰው ወርዶ በሩን ቀረቀረ። የሞተ ሰው በር አይዘጋም። ብልጥ ገዳይ ቢሆን ክፍቱን ይተወው ነበር፤ ሰውዬው ራሳቸውን ጣሉ እንድንል። ይህ ሰው ግን አላሰበበትም፣ እጁ ነው የቀረቀረው። ዝንጀሮ የፈራ እጅ። የቢሮ ሰው እጅ።»

ሶም ባሃዱር ቀና አለ።

«ስለዚህ አንተ አይደለህም» አለችው። «የቢሮ ሰዎች ሦስት ናቸው። አንዱ ሟች ናቸው። ኒሊማ በዚያ ሰዓት ኪርቲፑር እንደነበረች አምስት ሴቶች መስክረዋል፤ ሥራዋም በየደቂቃው ተመዝግቧል።»

«እኔም ቤቴ ነበርኩ» አለ ኪሾር። «መዝገቡ ይመሰክራል።»

«መዝገቡ ኮምፒውተርዎ ቤት እንደነበረ ይመሰክራል ኪሾር ጂ። ስለ እርስዎ ምንም አይልም። ግን እሺ፣ ኮምፒውተርዎን እንመን። ኒሊማ፣ ያዘጋጀሽውን አድርጊ።»

«ይህ የመለማመጃው ገጽ ነው» አለች ኒሊማ። «እውነተኛው ናጂክ አልተነካም፤ ሰዎች እየተጠቀሙበት ነው። አሠራሩ ግን አንድ ነው። የዳይን ጽሑፍ እንዳለ አስገብቼበታለሁ።» የጥገናዋን ቁልፍ ነካች።

«አሁን ኪሾር ጂ፣ በአስተዳዳሪ ስምዎ ገብተው ገጹን ይክፈቱልን።»

ኪሾር ገብቶ ከፈተ። የለጋሾች ዝርዝር፣ መፈለጊያው፣ ሁሉም እንደ ወትሮው መጣ። ቀይ ጽሑፍ የለም። ደግሞ ነካው። አሁንም የለም።

«ትናንት በዚህ ኮምፒውተር፣ እንዲሁ ገብተው ሳለ፣ የመዝጊያውን ጽሑፍ አየሁ አሉኝ» አለች ኢንስፔክተሯ። «አስተዳዳሪ አያየውም። ለአስተዳዳሪ ገጹ ተዘግቶ አያውቅም።»

ኪሾር ገጹን ለሦስተኛ ጊዜ ነካው።

«እንግዲያው ከማስተካከያው ሳጥን ውስጥ አንብቤው ይሆናል» አለ ኪሾር። «ጽሑፉ የሚገባበት ሳጥን አለ አይደል?»

«አለ» አለች ኒሊማ። ሳጥኑን ከፈተችው። «እዚያ ግን ጥቁር ነው። ቀይ የሚሆነው ደጅ ላለው ሰው ሲታይ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ቁጥሩ አይቆረጥም፤ ይኸው፣ ይዩት።»

ኢንስፔክተሯ ቀጠለች። «ቁጥሩ ላይ እንቆይ። ካርኪ፣ በስልክህ ክፈተው።»

ካርኪ ከፈተ። «ቀይ ነው ማዳም። ቁጥሩ ግን በአንድ መስመር ነው።»

«ሶም፣ በአንተስ?»

ሶም ባሃዱር ስልኩን ቀስ ብሎ አወጣ። ያችኑ የዚያን ቀን ገጽ ነው የሚከፍተው። «አንድ መስመር» አለ።

«የኒሊማም አንድ መስመር ነው፤ ትልቁ ኮምፒውተርም እንዲሁ። ትናንት ሰባት ዓይነት ስልክ አስሞክሬያለሁ።» ከኪሷ የሟቹን ስልክ አወጣች። «ሁለቱ ቁጥሮች የሚወድቁት በዚህ ብቻ ነው። ሱበርና ዳይ በዚህ ስልክ በአስተዳዳሪ ስም አልገቡም፤ ዓይናቸው ስለደከመም ፊደሉን አግዝፈውት ነበር።» ሁሉም እንዲያዩት አዞረችው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ብቻቸውን ከታች ቆመዋል።

«ጽሑፉ በዓለም ላይ የቆየው አሥራ ሰባት ደቂቃ ነው፤ ከአራት ከአርባ አንድ እስከ አራት ከሃምሳ ስምንት። በዚያ ጊዜ ይህ ስልክ በሟቹ እጅ፣ ሰገነቱ ላይ ነበር። የእርስዎ ስልክ፣ በራስዎ ቃል፣ ጠፍቷል። ያጠፉት የት እንደዋሉ እንዳይመሰክርብዎ ነው። ስለዚህ ኪሾር ጂ፣ ቁጥሩ ተቆርጦ ያዩት ከሽማግሌው ትከሻ አጠገብ ቆመው ነው። እኔ ገጹ ምን እንደሚመስል አልነገርኩዎትም፤ ካርኪም አልነገረዎትም።»

ኪሾር የኮምፒውተሩን ክዳን ከደነ።

ኢንስፔክተሯ አንድ የታጠፈ ወረቀት ዘረጋች። «ይህ ከዳይ መሳቢያ የተገኘ ነው፤ የቆዩት ፋይሎች። ፉልማያ የሞተች ዕለት ስድስት ከሃምሳ ላይ ናጂክን የዘጋው ኪሾር ጊሚሬ ነው፣ ከዚህ ቢሮ። የከፈተውም እሱ ነው፣ አሥር ሰዓት ላይ። ቁልፏ አልተበላሸችም፤ የኒሊማም እጅ የለበትም። ምሳ ሲወጡ ረሱት፤ ሲመለሱም፣ በስምዎ እንደገቡ ስለነበሩ፣ ገጹ ለእርስዎ ክፍት ሆኖ ታየዎት። ያን ቀን ያሳሳተዎት ይኸው ነገር ነው ትናንትም አፍዎን የጠለፈው።»

ኒሊማ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ ጫነች።

«ልገድላቸው አልሄድኩም» አለ ኪሾር። የተመጠነው ቃሉ ጠፍቶ ነበር። «በጓሮ በኩል የገባሁት ይህ ሰው እንዳያየኝ ነው። ምርጫው እስኪያልፍ አንድ ሳምንት ታገሡኝ ብዬ ለመንኳቸው። አምስት ሰዓት ላይ እነግረዋለሁ፣ አንተም አጠገቤ ቆመህ ይቅርታ ትጠይቀዋለህ አሉኝ። ስልካቸውን አሳዩኝ። ከእንግዲህ ብንዘጋም የሚያንኳኳ ሰው እኔን ያገኘኛል አሉ። ስልኩን አስቀመጡና…»

«እና?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ያን ቀን ገጹ ክፍት ቢሆን ኖሮ፣ ከዝርዝሩ አናት ላይ የሚመጣው ስም የማን እንደነበር ታውቃለህ ወይ? አሉኝ።»

ሶም ባሃዱር ከግድግዳው ተላቀቀ። «የማን ነበር?»

ኪሾር የሸሚዙን እጅጌ ወደ ታች ሳበ።

«የማን ነበር፣ ንገረኝ።»

«የኔ» አለ ኪሾር። «ኦ ኔጌቲቭ ነኝ። ያን ቀን ምሳ የበላሁት ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ነው።» ደግሞ ጨመረ፦ «ዝም እንዲሉልኝ ብቻ ነው የገፋኋቸው።»

ካርኪ ከበሩ ተነሥቶ ሁለቱ ሰዎች መካከል ሊገባ ራመድ አለ፤ ኢንስፔክተሯ በዓይኗ ከለከለችው። ሶም ባሃዱር ኪሾርን ረጅም ጊዜ ተመለከተው። እጁን አላነሣም። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ፤ ካርኪ እስረኛውን ይዞ ደረጃውን እስኪወርድ ድረስም አልዞረም።

ኒሊማ ወንበሯን ወደ ሶም ባሃዱር አዞረች። «ቁልፏን የሠራኋት እኔ ነኝ» አለች። «ሰዓት ሲያልፍ ራሷ እንድትከፍት ላደርጋት እችል ነበር። አላሰብኩትም።»

«አሁን ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።»

ሶም ባሃዱር ለእህቱ ደውሎ ለሕፃኗ ወተት እንድትሰጣት፣ እሱ ትንሽ እንደሚቆይ ነገራት። ከዚያ ወንበር ስቦ ከኒሊማ ጎን ተቀመጠ።

«ሥሪ» አለ። «እጠብቃለሁ።»